ዜሮ የተባለው ባሕር

ክፍሉ በሳቅ ሲናጋ ማርዩን ብቻ ጥርሷን ነክሳ ቀረች።

ስክሪኑ ላይ የተዘረጋው ራሷ ሁለት ሳምንት የለፋችበት የዓለም ካርታ ነው፤ ከሰማይ ሲወድቁ ሰው ያያቸው ድንጋዮች በቀይ ነጥብ የተመለከቱበት። ፈረንሳይና ሕንድ በነጥብ ተወረዋል። የእነሱ ደሴቶች፣ በሰሜን አትላንቲክ ያሉት ፋሮ፣ ባዶ ናቸው። ጓደኛዋ ቱሪ ግን ሳትነግራት ከሥር አንድ መስመር ጨምራለች፦ «ፋሮ ላይ የወደቀ፦ ዜሮ። ሃይኒ ድንጋዩን ካልቆጠርን!»

ሃይኒ የማርዩን አያት ናቸው። ከአርባ ዓመት በፊት ዓሣ ሲያጠምዱ እሳት የለበሰ ድንጋይ ጀልባቸው አጠገብ ባሕር ገባ ብለው ተናገሩ፤ መንደሩም በዚያው ቀን «ድንጋዩ» አላቸው። እዚያ ቅጽል ስም አንዴ ከተለጠፈ እስከ መቃብር ነው። ማርዩንም «የድንጋዩ የልጅ ልጅ» እየተባለች ነው ያደገችው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ኮሪደር ላይ የቱሪን ክንድ ጨምድዳ።

«ቀልድ ነዋ! ሲስቁ አላየሽም? ነገ በውድድሩ ላይ ወላጆችም እንዲህ ከሳቁልን አንደኛ ወጥተን ለሽልማት ኮፐንሃገን ልንሄድ ነው!»

«በአያቴ ነው የቀለድሽው!»

«ቁጥሩ ዜሮ ነው፤ እኔ ምን ላድርግሽ?»

«ቁጥሩ መቼ ድንጋይ ቆጠረ? ሰው አይቶት፣ ተፈልጎ የተገኘውን ብቻ ነው የቆጠረው። ሌሊት ቁጥሩ የሚያንሰው ሰማዩ ስለተኛ መሰለሽ? ሰው ስለተኛ ነው! ባሕር የገባውንስ ማን ጠልቆ ያወጣዋል?»

«ኧረ አታካብጂ!» ቱሪ ክንዷን አስለቀቀች። «ርዕሱን ‹ድንጋዮች የት ይወድቃሉ?› ብለሽ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽ?»

እውነቷን ነው። ማርዩንን ይበልጥ ያበገናትም ይኸው ነበር።

ቤት ስትደርስ አያቷ ለነገ የሚለብሱትን ሹራብ የብር ቁልፎች እየወለወሉ ነው።

«የፊት ወንበር ያዢልኝ፤ ጆሮዬ ደክሟል» አሏት።

«አያቴ፣ ያን ቀን ጀልባው ላይ ብቻዎን ነበሩ?»

እጃቸው ቆመ። «አራት ነበርን። አራታችንም አየን። ወደብ ላይ ሰው መሳቅ ሲጀምር ግን ሦስቱ ‹እኛ ምንም አላየንም› አሉ። ስም እንዳይወጣላቸው ፈርተው ነው። መሪውን የያዘው እንኳ የቱሪ አያት ነበር።»

«እና እርስዎም አርባ ዓመት ሙሉ ዝም አሉ?»

«ምን ላድርግ ልጄ፤ ጎረቤቴ ነው።»

ማርዩን ደሟ ፈላ። ክፍሏ ገብታ በሩን ጓ አድርጋ ዘጋችና የቱሪን መስመር አጠፋች። በቦታው በትልልቅ ፊደል የቱሪን አያት ስም ጻፈች፤ «አይተው የካዱት» ብላ ቀጠለች። ነገ እሳቸውም አዳራሹ ውስጥ ይቀመጣሉ። ይስሙት!

ከዚያ ጣቷ ቆመ። ነገ አዳራሹ ይስቃል፣ ከነገ ወዲያ መንደሩ ለሽማግሌው አዲስ ስም ያወጣል። ንዴቷ አልበረደም፤ ስሙን ግን አጠፋችው።

ርዕሱን «ሲወድቅ ማን አየ? ማንስ አነሳው?» ብላ ቀየረች። ባዶው ባሕር ላይ፣ ከደሴቶቹ በስተሰሜን፣ መሐሉ ክፍት የሆነ ክብ አደረገች፤ አጠገቡም «የተገኘ ድንጋይ፦ ዜሮ። ያዩ ሰዎች፦ አራት» ብላ ጻፈች።

ለቱሪ ላከችላት። «ነገ የማቀርበው ይሄንን ነው። አብረሽኝ ከቆምሽ ጥሩ፤ ካልሆነ ብቻዬን።»

ስልኳ ወዲያው ጮኸ፤ የቱሪ መልእክት ነው። «አራት? ሦስቱ ደግሞ እነማን ናቸው?»

ማርዩን የማንንም ስም አልጻፈችም።

«አያትሽን ጠይቂ» ብላ መለሰችላት።