ቀጥ ብሎ የተነሳው በሽተኛ

የኬክ ቤቷ ኢልሀም ማኪያቶውን ግማሽ ብርጭቆ ብቻ ቀድታ አመጣችለት። እንደ ሁልጊዜው። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ብርጭቆ አይሞላም።

«ቀስ ብለህ ካሳዬ፣ ትኩስ ነው» አለችው።

«እ... እሺ እህቴ» አለ ቃላቱን እየጎተተ።

ካሳዬ ስሙ አልነበረም። በሽታውም የእሱ አልነበረም። ዓመት ሙሉ እጁን ሲያንቀጠቅጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ ሲራመድ፣ ሾርባ ደረቱ ላይ ሲያፈስ የኖረው ለሥራው ነው። በመሥሪያ ቤቱ የምስጢር ስሙ «ምሰሶ» ነው። ምሰሶ ብለው ስም አውጥተው ሂድና ውደቅ ይሉታል፤ የቢሮ ሰው ቀልድ እንዲህ ነው።

ጃኬቱ ውስጥ በበረዶ ከረጢት የተጠቀለሉ ሁለት ብልቃጦች አሉ። ዛሬ ጠዋት አምስት ኪሎ ካለው የምርምር ማዕከል ይዟቸው ወጥቷል። አንደኛው በሽተኞቹ በየወሩ ከሚወጉት ነው። ሌላው ዶክተር ካላዩ በራሱ ቁልፍ ከሚቆልፈው ማቀዝቀዣ የተወሰደ ነው። ከላያቸው የተለጠፈው ጽሑፍ አንድ ነው፤ ውስጣቸው ለየቅል።

በሽታው ሺህ ሰው መሀል አንድ እንኳ አይገኝበትም። በጥቂት ቤተሰቦች ደም ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ሰውየው ሲጎለምስ ነርቩን መብላት ይጀምራል። መጀመሪያ እጅ፣ ከዚያ እግር፣ መጨረሻ ላይ ጉሮሮ። በሽተኛው ትንሽ፣ ትርፉም ትንሽ ስለሆነ መድኃኒት ልሥራለት ብሎ የሚነሳ ነጋዴ የለም። ለዚህ ነው መንግሥት በጀት መድቦ ምርምሩን ያስጀመረው። መድኃኒቱም ተገኘ፤ በሽታውን ባለበት የሚያቆም። ዓይኑን በጨው ያጠበው ዶክተር ካላዩ ግን እውነተኛውን ቆልፎ ለበሽተኞቹ የጨው ውሃ ይወጋል። በቅርቡ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ሪፖርት ያቀርባል። በጀቱ ይዘጋል። እሱ የሚሠራውን መድኃኒት ይዞ ውጭ አገር ለሚጠብቀው ኩባንያ ይሸጣል።

ብልቃጦቹን መረከብ የነበረበት አለቃው እስጢፋኖስ ነው፤ የምስጢር ስሙ «ደወል»። አልመጣም።

የመጣው መሓሪ ነው።

መሓሪ የዶክተሩ ጠባቂ ነው፤ አንገቱ ከትከሻው የማይለይ ግድንግድ። ባንኮኒው ላይ ክርኑን አስደግፎ ቡናውን ያማስላል። ሰሞኑን ማዕከሉ ውስጥ ወሬ ገብቷል፤ ከበሽተኞቹ መሀል አንዱ ሰላይ ነው የሚል። የትኛው እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ መሓሪ በሽተኞቹን ተራ በተራ ይከተላል። ዛሬ ተራው የካሳዬ ነው።

ይከተል። ምሰሶ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አነሳና ጥቂቱን ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰ። መሓሪ ተሰላችቶ ዓይኑን ወደ ስልኩ መለሰ።

በሩ ተከፈተ።

ጋሽ ወልደገብርኤል በከዘራቸው እየተንገዳገዱ ገቡ። የፒያሳ ወርቅ ሠሪ ነበሩ። ሱቃቸው ሠፈሩ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ፤ እጃቸው ግን የፈረሰው ከዚያ በፊት ነው። ጸጉር የምታህል የወርቅ ክር ይቀጥሉ የነበሩ ጣቶች ዛሬ የሸሚዝ ቁልፍ አልገባ ይላቸዋል። ምርምሩ ውስጥ የገቡት ከ«ካሳዬ» ጋር በአንድ ቀን ነው። በየወሩ ጎን ለጎን ተኝተው ጀርባቸውን ተወግተዋል። ልጃቸው ዘርፌ ሌላ ሐኪም ጋ እንውሰድዎት ስትል «ካሳዬ እኮ ምንም አልባሰበትም፤ መድኃኒቱ እየሠራ ነው» እያሉ እምቢ ብለዋታል። ይህን በነገሩት ቁጥር ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል። ማስመሰል ሥራው ነው።

ኬክ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሽማግሌውን አይቶ ብድግ አለ።

«ኖር ጋሼ!»

እሱም ተነሳ።

ቀጥ ብሎ።

ጠረጴዛ ሳይደገፍ፣ ጉልበቱ ሳይከዳው፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ። እናቱ እንዳሳደገችው። መሥሪያ ቤቱ አወዳደቅ አሠልጥኖታል፤ ለሽማግሌ አለመነሳትን ግን ማንም አላሠለጠነውም።

«በእግዚአብሔር! ተቀመጡ ልጆቼ» አሉ ጋሽ ወልደገብርኤል። ዓይናቸው እሱ ላይ ቀረ። እግሩን አዩ። እጁን አዩ። የዚህ በሽታ ሰው እንዴት እንደሚነሳ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ተጠግተው ክንዱን ጨብጠው ያዙ፤ ከዘራቸው ከእጃቸው ወጥታ ወደቀች።

«አንተ ደህና ነህ» አሉት። ጥያቄ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ። ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ።»

«አንተን አይቼ እኮ ነው የቀረሁት! ልጄ ስትለምነኝ፣ አንተን አይቼ!»

ባንኮኒው ላይ ሲኒ ተቀመጠ። መሓሪ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

መሓሪ እጁን ወደ ጃኬቱ ውስጥ ሰደደ።

ሽማግሌው የቆሙት በምሰሶ ክንድ ብቻ ነበር። ይህን ያውቃል። ብልቃጦቹ ከተያዙ ግን ምርምሩ አበቃለት፤ ይህ በሽታ በደሙ ያለበት ሁሉ፣ ያልተወለደውም ጭምር፣ አበቃለት። ይህንንም ያውቃል።

ክንዱን መነጨቀ።

ከኋላው ወንበር ወደቀ። ከወንበሩ ቀጥሎ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ የአጥንት። ኢልሀም ጮኸች። ዞሮ አላየም።

ወጥ ቤት ገባ። ክሬም የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ጋ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ በጓሮ በር ወጣ።

የፈረሰው ሠፈር በቆርቆሮ ታጥሯል። በአጥሩ ክፍተት ሾለከ፣ ፍርስራሹን ዘለለ፣ በሌላኛው ወገን አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጣ። የመሓሪ ጫማ ከኋላው ድንጋይ ሲያንኮታኩት ሰማ፤ ቆየና ጠፋ። ከዓመት በኋላ መሮጡ ነው። እግሩ ደስ አለው፤ እሱ በእግሩ ደስታ አፈረ።

ደወለ።

«ደወል። ምሰሶ ወድቋል።»

«ዕቃው?»

«ይዣለሁ።»

«ቴዎድሮስ አደባባይ። ነጭ መኪና።»

«ዕቃው» አለ እንጂ «ተጎዳህ ወይ» አላለም። ምሰሶ ይህን ልብ አለ።

እስጢፋኖስ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቅ ነበር። ከረጢቱን ተቀበለና ሳይፈታው ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ፀሐዩ በሚያርፍበት ቦታ ወረወረው። ምሰሶ የኋላውን ወንበር አየ። ባዶ ነው። ጠዋት ምሰሶ በስልክ «የበረዶ ሳጥን ይዘህ ና፣ መድኃኒቱ ከሞቀ ይበላሻል» ብሎ አስጠንቅቆት ነበር። ማስረጃውን የሚፈልግ ሰው የበረዶ ሳጥን ይዞ ይመጣል።

መኪናው ቁልቁል ወደ ቢሮ መሄዱን ትቶ ሽቅብ ዞረ።

«በአፍንጮ በር ነው የምንሄደው?»

«መንገድ ተዘግቷል» አለ እስጢፋኖስ። የበሮቹ መቆለፊያ ቀጭ አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ደወል?»

እስጢፋኖስ ሳቀ። «ስምህን አልሸጥኩም ወንድሜ፤ ሙት! ሰላይ አለ ነው ያልኳቸው፣ ይኸው ነው። ትንሽ ዘግይቼ መጥቼ ብልቃጦቹን እረከብህና በሰላም ቤትህ ትገባ ነበር። አሁን መሓሪ ደውሎ ‹ሰውየውን ካላመጣህ› አለኝ። ማን ተነስ አለህ? ራስህ ነህ ተነስተህ የቆምከው።»

«ሰዎቹ ይሞታሉ።»

«ድሮስ ላይሞቱ ነው? ቢሰበሰቡ አንድ ታክሲ አይሞሉም። ለእነሱ ተብሎ የአገር በጀት ይፈስሳል! ሌላው በወባ እያለቀ!»

ምሰሶ ክንዱን ዳበሰ። ጋሽ ወልደገብርኤል ክንዱን የያዙበት ቦታ ገና ይሰማዋል።

አፍንጮ በር ላይ ታክሲዎቹ ተቆላልፈዋል። ጡሩምባ፣ ጩኸት፣ ስድብ። ከፊት ካለው መኪና መሓሪ ወረደ። በታክሲዎቹ መሀል እየተጋፋ መጣ።

ምሰሶ መሣሪያ የለውም። ያለው በሽታው ብቻ ነው።

ጭንቅላቱን ከመስኮቱ ጋር አጋጨው። ዓይኑን ገለበጠ። ምራቁን በአገጩ ለቀቀ፣ በእግሩ የመኪናውን ወለል ይደበድብ ጀመር።

«ኧረ ሰው ሞተ! ኧረ የሰው ያለህ!» አለች ቆሎ የምትሸጥ ሴት።

አፍንጮ በር እንዲህ ያለ ነገር አያሳልፍም። ወያላው፣ ተሳፋሪው፣ ጫማ ጠራጊው መኪናዋን ከበቧት። አንዱ በእስጢፋኖስ በኩል በተከፈተው መስኮት እጁን አስገብቶ መቆለፊያውን ከፈተው።

«የሚጥል በሽታ ነው! ክብሪት! ክብሪት አምጡ!»

ጎትተው አስፋልት ላይ አጋደሙት። አንዱ ራሱን ደገፈ፣ አንዱ ክብሪት ጭሮ ጭሱን አፍንጫው ላይ አደረገለት። ዲኑ ዓይኑን አቃጠለው። መንቀጥቀጡን አላቆመም።

«ወንድሜ ነው! ሐኪም ቤት እየወሰድኩት ነው፣ ልቀቁት!» አለ እስጢፋኖስ።

«ወንድምህን ነው ቆልፈህ የምትወስደው ጀለስ?» አለው አንድ ወያላ። «ፊትህ ራሱ ሐኪም ቤት የሚሄድ ፊት አይደለም። ዞር በል!»

መሓሪ የሰዉን ግድግዳ ሊሰብር ሞከረ። ቆሎ ሻጯ በክርኗ ደቆሰችው። «በሽተኛ አየር ይፈልጋል አንተ ዝሆን!»

አንስተው ታክሲ ውስጥ ጫኑት። ወያላው በሩን ዘግቶ «ሂሳብ የለም፣ ንዳው!» አለ። ስድስት ኪሎ ሲደርሱ በሽተኛው ቀና ብሎ ተቀመጠ፣ አመሰገነ፣ ወረደ።

«ክብሪት እኮ ፍቱን ነው» አለ ወያላው ለተሳፋሪዎቹ።

እስጢፋኖስ ከረጢቱን የፈታው ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። ያገኘውም ለኬክ የሚሆን የቫኒላ ብልቃጥ ነው፤ ሁለት። ምሰሶ ወጥ ቤቱ ውስጥ ነው የለወጣቸው፤ በሰዓቱ ያልመጣ አለቃ አይታመንም።

ምሰሶ አመሻሽ ላይ በኬክ ቤቱ ጓሮ በር ገባ። ኢልሀም ሳህን ታጥባለች። ሲራመድ አየችው፤ እጁን አየችው። ሳህኑን አስቀመጠች።

«ጋሽ ወልደገብርኤል ዳሌያቸው ተሰብሯል» አለች። «ሲወስዷቸው ስምህን ይጠሩ ነበር።»

«ኢልሀም...»

«ዓመት ሙሉ ግማሽ ብርጭቆ ስቀዳልህ! እንዳትቃጠል ብዬ!» ማቀዝቀዣውን ከፈተች፣ ከክሬሙ ኋላ ሁለቱን ብልቃጦች አውጥታ ደረቱ ላይ ገፋችበት። «ምን እንደሆኑ አልጠይቅህም። ይዘህ ጥፋ። ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳትመጣ።»

ብልቃጦቹን ለማንም መልእክተኛ አልሰጠም። ከእስጢፋኖስ በላይ ያለችው ኃላፊ ወይዘሮ ሕብረት ቤት ሄዶ እጇ ላይ አስቀመጠ። ምርመራው ረጅም ጊዜ አልፈጀም። ዶክተር ካላዩ ሻንጣ ሲያዘጋጅ ተያዘ፤ እስጢፋኖስ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ። በጀቱ አልተዘጋም። የተቆለፈው ማቀዝቀዣ ተከፈተና እውነተኛው መድኃኒት መሰጠት ጀመረ።

«ጋሽ ወልደገብርኤልስ?» ብሎ ጠየቃት።

«ተጀምሮላቸዋል» አለች ወይዘሮ ሕብረት። «የቀረውን ያቆምላቸዋል፤ የሄደውን አይመልስም። ዳሌያቸው አልገጠመም። ከእንግዲህ አይቆሙም።»

«አንድ ጊዜ ሄጄ...»

«አትሄድም። መሓሪ አልተያዘም። መልክህን ብትቀይር እንኳ ሽማግሌው በሚሄዱበት እየጠበቀ በአነሳስህ ይለይሃል። ክሱ እስኪያልቅ ካሳዬ የሚባል ሰው አልነበረም።»

ክረምቱ ወጣ። ጺሙን ተላጭቶ፣ መነጽር አድርጎ፣ በሌላ ስም፣ ከኢልሀም ቤት ራቅ ያለ ሌላ ኬክ ቤት ተቀመጠ። ሥራ አልነበረውም። ዘርፌ አባቷን ከመርፌ በኋላ እዚህ እንደምታመጣቸው ሰምቷል፤ ከሩቅ ሊያያቸው ብቻ ነው የመጣው። ዘርፌ የካሳዬን ስም እንጂ መልኩን አታውቅም።

በሩ ተከፈተ። ዘርፌ ተሽከርካሪ ወንበሩን እየገፋች ገባች። ሽማግሌው በጣም ቀጥነዋል። ሁሉም ብድግ አለ።

«ኖር አባባ!»

«በእግዚአብሔር... በእግዚአብሔር» አሉ በተሰባበረ ድምፅ።

እሱ አልተነሳም።

ጉልበቱ ሊነሳ ፈለገ። ከጠረጴዛው ሥር በሁለት እጁ ይዞ አስቀመጠው። ጥግ ላይ ያለው ሰውዬ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ ሰዉን ይቃኛል። ማን እንደሆነ አላወቀም፤ ማንም ሊሆን ይችላል።

«ምን ዓይነት ባለጌ ነው!» አለች ዘርፌ፣ እንዲሰማት ጮክ ብላ። «ሽማግሌ ሲገባ ዓይኑ እያየ!»

ጋሽ ወልደገብርኤል ወደ እሱ ዞሩ። ረጅም ጊዜ አዩት። ፊቱን፣ ከዚያ እግሩን።

«ተይው ልጄ» አሉ። «አሞት ይሆናል።»

ማኪያቶው ሞልቶ ቀርቦለት ነበር። ሲያነሳው እጁ ተንቀጠቀጠና ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ሂሳቡን ትቶ ወጣ። ፒያሳ በዚያ ሰዓት ሰው ሞልቷት ነበር፤ ማንም ዞሮ አላየውም።