ስምንትና ስምንት ኦም

መርማሪዋ ወደ ጥገና ቤቱ ስትገባ ከሬሳው በፊት ወንበር ነበር የፈለገችው። ሃያ ስድስት ዓመት ሟች ስታይ ኖራ እግሯም ልቧም ዝሏል፤ ምን ይደረግ! የአምፕሊፋየር ጠጋኙ ከሥራ ጠረጴዛው አጠገብ ወለሉ ላይ ተዘርሯል። ቀኝ እጁ ክዳኑ በተከፈተ የጊታር አምፕሊፋየር ውስጥ ገብቷል።

«ኤሌክትሪክ ነው የገደለው» አለች ሚስቱ። የአምፕሊፋየሮቹን የትራንስፎርመር ሽቦ የምትጠመጥመው እሷ ናት። «ለወንድሜ የጠመጠምኩለት ሦስት ጊዜ ተቃጠለ፤ አራተኛው ይኸው ባሌን በላው። በገዛ እጄ ገደልኩት!»

መርማሪዋ እያቃሰተች ጎንበስ አለች። እጁ ላይ የመቃጠል ምልክት የለም። ጭንቅላቱ ግን ከኋላ ተፈንክቷል፤ የጠረጴዛው ጠርዝም ደም ነክቶታል። ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ሁለት የስፒከር ሣጥኖች ተሰክተዋል፤ በሁለቱም ላይ የኤሌክትሪክ መከላከያ መጠናቸው «8 ኦም» ተብሎ ተጽፏል። ከሣጥኖቹ ጋር መስማማት ያለበት የአምፕሊፋየሩ የኦም ማዞሪያ 16 ላይ ነው። የሟቹ ደብተር ግን እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ፣ ምሳ ሰዓት። ሁለቱም ሣጥኖች። 4 ላይ ተፈትኗል፤ ደህና ነው።»

ከምሳ በኋላ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሚስቱ፣ የስፒከር ሣጥን የሚሠራው አናጢና ጊታሪስት ወንድሟ ብቻ ናቸው። ለየብቻ ጠርታ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻቸው።

«ሁለት ባለ ስምንት ኦም ሣጥን ብሰካ፣ ማዞሪያውን የት ላድርገው?»

«እኔን ስለ እንጨት ይጠይቁኝ» አለ አናጢው። «እሱን ነገር ነክቼውም አላውቅ።»

«አራት ላይ» አለች ሚስቱ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

«አሥራ ስድስት ነዋ!» አለ ጊታሪስቱ። «ስምንትና ስምንት ስንት ነው?»

መርማሪዋ ሦስቱንም ሰበሰበችና በመጨረሻ ወንበር አግኝታ ተቀመጠች።

«ሁለት በር ሲከፈት ሰው እንደ ልቡ ያልፋል አይደል? ኤሌክትሪኩም እንዲያው ነው። ሁለት ሣጥን ጎን ለጎን ሲሰካ መከላከያው በግማሽ ይወርዳል፤ ስምንቱ አራት ይሆናል። ሟቹ ይህን ያውቃል፤ አራት ላይ አድርጎም ፈትኗል። እሱ ከወደቀ በኋላ ግን አንድ ሰው የሟቹን እጅ አምፕሊፋየሩ ውስጥ አስገብቶ፣ ሲፈትን የሞተ ለማስመሰል፣ 4 ላይ የነበረውን ማዞሪያ ስህተት መስሎት ወደ 16 ‹አስተካከለው›። የማያውቅ ሰው አይነካውም። በደንብ የሚያውቅም አይነካውም። የሚነካው አውቃለሁ ብሎ የተሳሳተ ሰው ነው። ሦስቱን ትራንስፎርመሮች ያቃጠለውም ይኸው ስህተት ነው፤ የእህትህ እጅ አይደለም።»

ጊታሪስቱ ወደ እህቱ ዞረ።

«‹አንተ እጅ ላይ ምንም አይበረክትም፤ ይህን አልሰጥህም› አለኝ ባልሽ። ገፋሁት እንጂ... እንዲሞት ብዬ አይደለም፣ እታለም!»



«መግፋቱንስ ተናደህ ነው እንበል» አለች ሚስቱ። «እጄን ስረግም ግን አጠገቤ ቁጭ ብለህ ‹አይዞሽ፣ ሳታውቂ ነው› አልከኝ እኮ!»

በር ላይ የቆመው ፖሊስ ወንድሟን ይዞት ወጣ። መርማሪዋ ልትነሳ አስባ ተወችው፤ ሴትዮዋ እንደገና ማልቀስ ጀምራ ነበር። ሬሳው ከተገኘ ጀምሮ ያለቀሰችው የእሷ ለመሰላት ጥፋት ነበር፤ አሁን ግን ለባሏ አለቀሰች።