የአንድ ሌሊት ጎመን

ሟቿን ከኩሬው ያወጣት ታላቅ ወንድሟ ነው። ጎብኚዎቹ አጨብጭበው፣ ፎቶ ተነሥተው ከሄዱ ገና ብዙም አልቆየም ነበር። የወጣቶች ማኅበሩን ጎመን ፀሐዩ ላይ ጠውልጎ ሲያየው ውኃ ሊያጠጣው የመሳቢያ ሞተሩን አስነሣ። ቱቦው ግን ኩሬው ውስጥ አንድ ነገር ላይ ተጣበቀ። ሲጎትተው ቀድሞ ብቅ ያለው የእህቱ ሹራብ ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ ሬሳው ኩሬው ዳር በሸራ ተሸፍኖ ነበር። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። የነገሯትን ሁሉ ነፍታ እንክርዳዱን ስለምታስቀር ነው። የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ቀድሞ ተቀበላት። ለጉብኝቱ ያሰረውን ክራባት ገና አልፈታም።

«አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር። ኩሬው ፕላስቲክ የተነጠፈበት ስለሆነ ያዳልጣል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነበረች። ጎበዝ ልጅ፣ ነፍስ ይማር!»

«ታዲያ ሊቀ መንበሯ ጠዋት ጉብኝቱ ላይ አልነበረችም?»

«አመማት ተባልን።»

«ማን አለ?»

«እኔ ነኝ» አለ ከኋላው የቆመው የገበሬ ማሠልጠኛ ጣቢያው ልማት ሠራተኛ። ፊቱ የከሳ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። «እንግዳ መጥቶ ሲጠይቅ ምን ልበል?»

መርማሪዋ ተንበርክካ ሸራውን ገለጠች። የልጅቷ አፍና አፍንጫ ላይ ነጭ አረፋ ደርቋል። ከጭንቅላቷ ኋላ ቁስል አለ። ጥፍሮቿ ሥር የጡብ መልክ ያለው ቀይ አፈር ገብቷል። ጫማዋን ገልብጣ አየች፤ በሶሉ ጥርስ መሐል የተጠቀጠቀውም ቀይ ብቻ ነው። ቀና ብላ ዙሪያውን ቃኘች። ከኩሬው ዳር እስከ ማሳው ድረስ መሬቱ ጥቁር ጭቃ ነበር፤ የራሷን ጫማ እንኳ ሙጭጭ ብሎ ይዞታል።

ተነሥታ ወደ ጎመኑ አለፈች።

«መቼ ነው የተተከለው?»

«ሁለት ወር አልፎታል» አለ ኃላፊው።

አንዱን ግንድ በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ ሳበችው። ያላንዳች ትግል መጣላት። ሥሩ ቀይ ጓል እንዳቀፈ ነው።

«ሁለት ወር የቆየ ጎመን እንዲህ ይነሣል?»

ዳር ቆሞ የነበረው የልጅቷ አባት ጠጋ አለ። ሞዴል ገበሬ ተብሎ የተሸለመ፣ ሰው ሁሉ «ሞዴሉ» እያለ የሚጠራው ሰው ነው።

«የኔ ነው» አለ። «ትናንት ከላይ ካለው ቀይ ማሳዬ ተነቅሎ የመጣ ነው። ለማኅበሩ ልጆች የተሰጣቸው ዘር ጊዜው ያለፈበት ነበርና አልበቀለም። አለቃ ስልክ ደውለው ‹ነገ ጎመኑን ለምልሞ ልየው› አሉ።»

«ልየው አልኩ እንጂ አዛውሩ አልወጣኝም!» አለ ኃላፊው። «እኔ ትናንት ከከተማ አልወጣሁም። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ይመሰክራል።»

መርማሪዋ አባትየውን ለብቻው አነጋገረችው።

«ልጅዎ ሲነቅሉ አይታዎታለች?»

«መጥታ አየችን። ‹አባዬ፣ አንተም?› አለችኝ።»

«ምን መለሱላት?»

«ምንም። የመጀመሪያው ጋሪ ሲወርድ አብሬ ወረድኩ፤ ልተክል።» እጆቹን አየ። «ሞዴሉ ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሌላ ምን ልበልሽ?»

«ማታ ስትቀርስ?»

«አኩርፋ አክስቷ ቤት ያደረች መሰለን።»

ወንድምየውን ደግሞ ጋሪው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ልብሱ ገና አልደረቀም።

«ተጣልታችኋል አሉ።»

«ነገ ጎብኚዎቹ ፊት ቆሜ ሁሉንም እናገራለሁ ስትል ጮህኩባት። ‹ማኅበሩ ቢበተን አንቺ ነሽ ሥራ የምትሰጪኝ?› አልኳት። የመጨረሻ ቃሌ ይኸው ነው።»

«ከዚያ በኋላ አላየሃትም?»

«ጋሪውን ነድቼ ወረድኩ። ስመለስ አልነበረችም። ልማት ሠራተኛው አኩርፋ ሄደች አለኝ። የቀረውን ችግኝ ነቅሎ አዘጋጅቶ ስለነበር፣ እኔ አህያዋን ሣር ሳስግጥ እሱ ጫነ። ጥቂት ነበር፤ አህያዋ ግን አልራመድ አለች።»

መርማሪዋ የጋሪውን ዱካ ተከትላ ወጣች። ከላይ ወደ ኩሬው ከወረዱት ዱካዎች መጨረሻ ያለፈው ከሌሎቹ ይልቅ ጠልቋል። ቀዩ ማሳ ላይ ችግኙ በአካፋ ተለቅሞ ተነሥቷል፤ አንዱ መደብ ብቻ በእጅ ተቦጫጭቆ፣ ቅጠሉ እርከኑ ድንጋይ ሥር ተበትኗል። ልማት ሠራተኛውን እዚያው አስጠራችው።

«ዘሩ የሞተ መሆኑን ደጋግሜ አመልክቻለሁ» አለ ሳትጠይቀው። «‹ወጣቱን ተስፋ አታስቆርጥ› ተባልኩ። ቀጥሎ ‹ጣቢያው ይዘጋል› ተባልኩ። ልጅቷን ያሠለጠንኳት እኔ ነኝ። እንደ እህቴ ናት።»

«እዚህ ሁለታችሁ ብቻ ቀርታችሁ ነበር?»

«ለጥቂት ጊዜ። ሰድባኝ በእግሯ ወረደች። እኔ እስኪመሽ ሥራ ላይ ነበርኩ። ወንድሟ ስለደከመው የመጨረሻውን ጋሪ ብቻዬን አራገፍኩ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም በጣቢያው የሥልጠና አዳራሽ ተሰበሰቡ። ለጎብኚዎቹ የተደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮች አልተነሡም። ግድግዳው ላይ «ወጣቱ የልማት ኃይል ነው» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል።

«አዳልጧት አይደለም» አለች መርማሪዋ። «ኩሬው ዳር የደረሰ ሰው ሁሉ ጫማው ጥቁር ጭቃ ይዟል። የእሷ አልያዘም። ስለዚህ በእግሯ አልወረደችም፤ አውርደዋታል። ጥፍሯ ሥር ያለው ቀይ አፈር ችግኙን በእጇ ስትነቅል የገባ ነው፤ የት እንደነቀለችም አይቻለሁ። ቁስሉ የደረሰባት እዚያው ነው።»

«ማን አወረዳት?» አለ አባት።

«ጋሪው። ጥቂት ችግኝ የጫነው ጋሪ ከሁሉም የጠለቀ ዱካ ትቷል። እርስዎ ታች የማኅበሩ ማሳ ላይ እየተከሉ ነበር። ኃላፊው ከተማ ነበር። ልጅዎ ሬሳ ቢደብቅ ኖሮ አህያዋ አልራመድ አለች ብሎ አይነግረኝም ነበር፤ የጫነውም ያራገፈውም እሱ አይደለም። ሁለቱንም ያደረገው አንድ ሰው ነው። በእግሯ ወረደች ብሎ የዋሸኝም እሱ ነው።»

ልማት ሠራተኛው ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«ገፋኋት እንጂ… ችግኙን እየነቀለች ነበር! ያ ሁሉ ልፋት! ድንጋዩ ላይ ወደቀች። ብጠራት ዝም። የሞተች መሰለኝ።»

«ሬሳውን የመረመረው የጤና ባለሙያ አፏ ላይ ያለውን አረፋ አይቶታል» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ውኃ ውስጥ ስትተነፍስ የወጣ ነው። ድንጋዩ አልገደላትም። ውኃው ነው።»

ወንድምየው ከወንበሩ ተነሣ።

«እንግዲያ ጋሪው ላይ… ከችግኙ ሥር… በሕይወት ነበረች?»

ልማት ሠራተኛው ፊቱን ከእጆቹ አላነሣም።

«አህያዋ ስትቆምብኝ ደበደብኳት» አለ ወንድምየው። «ፍጠኚ እያልኩ ደበደብኳት።»

ልማት ሠራተኛውን ፖሊሶቹ ካቴና አስገብተው ሲያወጡት ኃላፊው ወደ መርማሪዋ ጠጋ አለ።

«ኢንስፔክተር፣ የጉብኝቱ ዜና ማታ ይተላለፋል። ይህ የግለሰብ ጥፋት ነው። ከመርሐ ግብሩ ጋር ባይያያዝ…»

«እሱስ?» አለ ወንድምየው በጣቱ እያመለከተ። «እሱን አትወስጂውም?»

መርማሪዋ ኃላፊውን ከክራባቱ እስከ ጫማው አየችው።

«ጎመን ለምልሞ ልየው ያለን ሰው የምከስበት ሕግ የለኝም» አለች። የምትናገረው እውነት ስለነበረ አፏን መረራት።

ኃላፊው መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ። አባት በሩ ላይ ቆሞ ልጁን ጠበቀው።

«ና፣ እንሂድ።»

«ወዴት?»

«ቤት ነዋ።»

ልጁ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ሂድ» አለው አባቱን። «ለእናቴ አንተ ንገራት።»