የአሮጌው መናኸሪያ ግድግዳ

መርማሪ ዘሀራ ከጢቾ ስትመለስ ወገቧ ሊቆረጥ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ሞት ግን የሰው ድካም መች ያውቃል? አሰላ ውስጥ፣ የአሮጌው አውቶቡስ መናኸሪያ የቀድሞ ኃላፊ አቶ ወልደ ሚካኤል ትኬት ቤቱ ውስጥ ሞተው ተገኝተዋል። ከራሳቸው አጠገብ ደም የነካው ድንጋይ፣ ከበላያቸው ዝናብ የሸረሸረው ግድግዳ አለ።

ልጃቸው መክሊት በሩ ላይ ቆማለች። «ግድግዳው ተንዶባቸው ነው ይላሉ። ይህን ክፍል በወጣትነታቸው ከሾፌሮች ጋር በደቦ የሠሩት እሳቸው ናቸው። በገዛ ሥራቸው ሞቱ ሲባል እንዴት እችለዋለሁ?»

ዘሀራ ድንጋዩን አገላበጠችው። ጎኑ ላይ አሮጌ ሲሚንቶ ተጣብቋል። ከግቢው ማዶ ያለውን፣ ጣልያን የሠራውን የድንጋይ ሕንፃም ዞራ አየች። ማታ መናኸሪያው ውስጥ የነበሩትን ሦስት ሰዎች አስጠራች።

ባለ ሻይ ቤቷ ኤፍራታ ቀደመች። «ሻይ ቤቴ ከዚሁ ግድግዳ ወዲያ ነው። ሚስማር ስመታበት ይረግፋል እንጂ አይዝልኝም።»

ሕንፃውን ሊያፈርስ የተዋዋለው በዛብህ ተቆጥቷል። «ጣቱ ሁሉ ወደ እኔ ነው አይደል? ግድግዳውን በስቼ አይቼዋለሁ፣ ጭቃ ነው። በአንድ ቀን ለሚወርድ ቤት ሽማግሌ ምን አስገደለኝ?»

መምህር ይስሃቅ መናኸሪያው በቅርስነት እንዲመዘገብለት ደጅ ሲጠና የከረመ፣ ታሪኩንም የሚጽፍ ሰው ነው። «ከላይ እስከ ታች የጣልያን ድንጋይ ነው» አለ፣ ዓይኑን ከሬሳው እያሸሸ። «እሳቸው ግማሹ የእኛ ጭቃ ነው ይሉ ነበር። እርጅና ነው እንዲህ ያስባላቸው።»

ዘሀራ ሁሉንም ትኬት ቤቱ ውስጥ ሰብስባ ግድግዳውን ከላይም ከታችም በመዶሻ ፈለጠችው። ጭድ፣ ጭቃና እንጨት ብቻ ወጣ።

«ድንጋይ የታለ?» አለች በደከመ ድምፅ። «ከዚህ ግድግዳ ድንጋይ አይወድቅም። ይሄ ጣልያን ከሠራው ከወዲያኛው ሕንፃ ደረጃ የወለቀ ነው፤ ቦታው ባዶ ሆኗል፣ ደምም አለበት። እዚያ ሞተው ወደዚህ ያመጣቸው ሰው አለ። ድንጋዩን ያስቀመጠው ግድግዳው ድንጋይ ነው ብሎ ያመነ ሰው ነው። ኤፍራታ ጭቃ መሆኑን ታውቃለች። በዛብህም በስቶ አይቷል። መምህር፣ ማን ቀረ?»

ይስሃቅ የተፈለጠውን ጭቃ አፍጥጦ ያያል። «ነገ ለቅርስ ኮሚቴው ግማሹ ጭቃ መሆኑን እናገራለሁ አሉኝ። ልፋቴን ሁሉ ገደል ሊከቱት ሆነ። ደረጃው ላይ ገፋኋቸው፤ ልገድላቸው አላሰብኩም። እሳቸውንም አላመንኳቸውም።»

ዘሀራ ወደ መክሊት ዞረች። «አባትሽ ያቆሙት ግድግዳ ማንንም አልገደለም።»

መክሊትን ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ያላት እንባ ያን ጊዜ መጣ። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ በሩ ሄደች። «አብረዋቸው የመረጉት ሾፌሮች ለቀብር እየመጡ ነው» አለች። «ቀና ብዬ ልቀበላቸው።»