የሶሊ ዘንዶ አሟሟት

ወርቂቱ፣ የሶሊ ዘንዶ፣ የመስታወት ሳጥኗ ውስጥ ሞታ ተገኘች። ሶሊ ራሱ በኮሮና ካረፈ ገና አሥራ ሰባት ቀኑ ነው። ሚስቱ ሰገነት ገዳዩ እሱ ነው ብላ በንዴት የዘበኛውን የይመርን ጓዝ በር ላይ አስወጥታለች። ከቤት መውጣት በተከለከለበት በዚህ ሎክዳውን ካምፓላ ውስጥ ማደሪያ ያጣ ሰው እንግዲህ የት ይሂድ?

አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት ወንጀል መርምረው፣ አሁን እዚሁ ካምፓላ፣ ኮሎሎ ሰፈር፣ ልጃቸው ጋ የሚጦሩት ጋሽ አድማሱ ከጎረቤት ግቢ ተጠሩ።

«በዱላ እገላታለሁ ይል ነበር እኮ!» አለች ሰገነት።

«ፈርቼ ያልኩት ነው። ወላሂ አልነካኋትም፣ ጋሼ» አለ ይመር።

አድማሱ በድኗን አገላበጡ። የዱላ ምልክት የለም። ልትጥለው የነበረው አሮጌ ቆዳ ግን እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ በጣት ይላቀቃል፤ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍም ይሸታል። ግቢው ውስጥ ሽቦ ላይ እርጥብ ብርድ ልብስ ተሰጥቷል።

ወደ ሶሊ እናት ዞሩ። «እትዬ ቦጋለች፣ መቼ አይተዋት ነበር?»

«እኔ? ልጄ ከሞተ ወዲህ ያንን ክፍል ረግጬው አላውቅም። ምስኪን፣ ዓይኗ ሞራ ለብሶ…» አሉና ነጠላቸውን እጃቸው ላይ ሳቡ።

አድማሱ የተቃጠለውን እጅ ቀድመው አይተውታል። «ምነው ባልጠየቅኩ» አሉ በሆዳቸው። ይመር ግን ጓዙን ታቅፎ ቆሟል።

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰቡ።

«የገደላት ዱላ ሳይሆን ሙቀት ነው። ዘንዶ ቆዳውን ሊጥል ሲል ዓይኑ ለጥቂት ቀን ይደፈርሳል፤ ያሳየኝ ሶሊ ነው፣ ነፍሱን ይማረው። ሰገነት፣ መቼ ጀመራት?»

«ባለፈው ማክሰኞ።»

«ሶሊ ካረፈ በኋላ ማለት ነው። እትዬ፣ ክፍሉን ካልረገጡ ዓይኗን የት አዩት? ብርድ ልብሱስ ለምን ራሰ? እጅዎንስ ምን አቃጠለው?»

ቦጋለች ነጠላቸውን ለቀቁት። እጃቸው ውኃ ቋጥሯል።

«ከሆስፒታል ደውሎ ‹እማዬ፣ ቆዳዋ አልለቅ ካላት እርጥበት ስጫት፣ አደራ› አለኝ። እኔ የማውቀው ሆስፒታል ሳይገባ እሱን በእንፋሎት ያጠንኩበትን ነው። ውኃ አፈላሁ፣ ባሕር ዛፍ ጨመርኩ፣ ብርድ ልብስ ደረብኩባት። ስትወራጭ ቆዳው የለቀቀላት መሰለኝ።»

«ይመር፣ ጓዝህን አስገባ። ይቅር በለኝ» አለች ሰገነት።

ቦጋለች ግን ዓይናቸውን ከአድማሱ አልነቀሉም። «ሶሊም ‹እማዬ፣ አፈነኝ› ሲለኝ ብርድ ልብሱን አልገለጥኩለትም። እሱንም የገደልኩት እኔ ነኝ?»

ሰገነት መሬት ላይ ተንበርክካ የተቃጠለውን እጅ ያዘች።

«አይደለም፣ እማዬ፤ በሽታው ነው» አለች እያለቀሰች። «እኔም እኮ ብርድ ልብሱን በወዲያ በኩል ይዤው ነበር።»