የሃርዊክ ልጅ ምርኩዝ

ለሮተርዳም ሕዝብ፣ ለወደቡ ሹማምንት፣ በባሕርም በየብስም ላላችሁ ሁሉ፦ አንድ ዱላ ጠፍቷል።

ነገሩ የሆነው በ1978 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። በሮተርዳሟ ዴልፍስሃቨን ሰፈር ባለች አንዲት የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ስለ እንግሊዛዊው ናታንኤል ሃርዊክ ዐውደ ርእይ ተከፍቶ ነበር። ሃርዊክ ከሦስት መቶ ስልሳ ዓመት በፊት ሚስቱንና ወንዶች ልጆቹን ይዞ፣ ከዚሁ ወደብ አሜሪካን ሊያቀና ሄደ። የአገሩ ባለቤቶች "ጠሞብናል፣ አቅናልን" ማለታቸው ግን የትም አልተመዘገበም። እግሯን የምታነክሰውን ሴት ልጁን ምርኩዝ ጠርቦ ሰጥቷት፣ ለአያቷ ትቷት ሄደ።

የጠፋው ያ ምርኩዝ ነው።

ተጠርጣሪዋ ወዲያው ተገኘች፦ አዳራሹን የምታጸዳው አበባይሽ። ቁልፍ አላት፤ ስደተኛም ናት። ለዐውደ ርእዩ ኃላፊ ለአቶ ቫን ዳለን ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። ለፖሊስ ደወለ።

አበባይሽ ደግሞ ለአበጋዝ ደወለች። አበጋዝ አዲስ አበባ ሳለ ወንጀል መርማሪ ነበር፤ ዛሬ መጦሪያ ቤት ውስጥ ሽማግሌ ያጥባል።

"ጋሼ አበጋዝ፣ አለቀልኝ! ልጄ ካርቱም ናት። ወደዚህ የመምጫ ፈቃዷ ሊወጣ ነው ሲሉኝ ሌባ ተባልኩ። ከእንግዲህ ማን ይሰጠኛል?"

"ወስደሻል?"

"ዱላ ምን ይሠራልኛል? ውሻ የለኝ!"

አበጋዝ ቫን ዳለንን ፊት ለፊቱ አስቀመጠ። የሰውየው የራሱ ቢሮ መሆኑን እንኳ ረሳው።

"ምርኩዙን የተመኘ ሌላ ሰው አለ?"

"አንድ አሜሪካዊ። የሃርዊክ ዘር ነኝ፣ ሽጡልኝ ብሎ ለምኖ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ወደ አገሩ በረረ።"

"ምርኩዙ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ታየ?"

"ቅዳሜ ማታ።"

"እንግዲያው እሱ የለበትም። የምርኩዙን ፎቶ አሳዩኝ።"

አበጋዝ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየ። ዘንግ፤ ራሱ ላይ አግድም እንጨት። በር ጥግ ተደግፏል።

"ከመስታወት ሣጥኑ ማን አወጣው?"

የቫን ዳለን አንገት ቀላ። "እኔ። ቅዳሜ ማታ ፎቶ ሳነሣው፣ ብርሃኑ እዚያ ይሻላል ብዬ።"

"መልሰውታል?"

"ስልክ ተደወለ..."

"እሁድስ እዚህ ማን ነበር?"

"የእናንተ ሰዎች፤ ሲጸልዩ።"

አበጋዝ ባቡር ይዞ ጎረቤት ከተማ ቭላርዲንገን፣ የእሁዱን ጸሎት የሚመሩት መሪጌታ አድማሴ ቤት ገባ። ምርኩዙ አልጋቸው ራስጌ ቆሟል።

"መሪጌታ፣ ይህን ከየት አመጡት?"

"መቋሚያውን? ከበሩ ጥግ ነዋ! ጥግ የተደገፈ መቋሚያ አንሥቶ መቆም ወግ ነው። ማኅሌት በባዶ እጅ ይቆማል እንዴ? እዚያው እንዳልተወው አዳራሹ የሰው ነው፤ ለባለቤቱ ላቆይለት አልኩ። ግን የትኛው ሞኝ ነው የጠረበው? አጥሮ ወገቤን ፈጀኝ!"

"ለአንካሳ ልጅ የተጠረበ ነው። በሱ ሰበብ አበባይሽ ሌባ ተብላለች።"

"እግዚኦ! ነጠላዬን አቀብለኝ።"

መሪጌታ ምርኩዙን ራሳቸው ይዘው አዳራሹ መጡ። አበባይሽ ወለሉን ትጠርጋለች። አበጋዝ ቫን ዳለንን አየው።

"የወሰዱት እኚህ ናቸው። ጥፋተኛው ግን እርስዎ ነዎት። በር ጥግ ረስተውት፣ ያ እንዳይታወቅብዎ፣ ልጇን ከካርቱም ልታስመጣ የተቃረበች እናት አስከሰሱ።"

ቫን ዳለን አልካደም። ስልኩን አንሥቶ ክሱን ተወ። ከዚያ የተተወችውን ልጅ ምርኩዝ ወደ መስታወት ሣጥኑ መልሶ ኮቱን ለበሰ።

"ወዴት ነው?"

"ከአበባይሽ ጋር፣ የውጭ ዜጎች ፖሊስ ዘንድ። ለልጇ ፈቃድ ዋስ እሆናለሁ።"

የአበባይሽ መጥረጊያ ከእጇ ወደቀ።

"ትናንት ሌባ ያሏት እኮ ናት!" አለ አበጋዝ። "ዛሬ ምን ነካዎ?"

ቫን ዳለን በሩን ከፍቶ አበባይሽን አሳለፋት።

"አላብራራም" አለ።