በናንዲ ሌላኛው ጆሮ በኩል

ኔትራን ከማየቴ በፊት ልመናዋን ሰማሁት።

ሰኞ ማለዳ ነበር። አባቴ በደቡብ ሕንድ፣ ከዳርዋድ ወጣ ብላ ባለችው ከተማችን፣ የሂንዱው አምላክ የሺቫ መቅደስ ካህን ነው። እኔም ከኮሌጅ ተመርቄ ሥራ እስካገኝ አግዘው ነበር። ከመቅደሱ ፊት የተቀመጠው ትልቁ የድንጋይ ኮርማ፣ ናንዲ፣ አንገቱ ላይ ዘይት ደርቆበታል። አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ ስፈገፍግ አንዲት ሴት ከወዲያ በኩል መጣች።

ልመናችንን ለጌታው ለሺቫ የሚያደርስልን ናንዲ ነው። በአንዱ ጆሮው ሲያንሾካሹኩለት ሌላኛውን በእጅ መድፈን ነው፤ አለዚያ ልመናው አፈትልኮ ይወጣል ይባላል። እሷ ግን በአንድ እጇ የአበባ ቅርጫት ይዛለች። መድፈኑን ረሳችው።

«ናንዲዬ፣ ንገርልኝ... ፍሪጅ እፈልጋለሁ። ትንሽም ትሁን። አበባዬ ከቀትር በፊት እየጠወለገ አስቸገረኝ። ከተቻለ ደግሞ... ቀይ ትሁን።»

ሳቄ አመለጠኝ።

በኮርማው ጀርባ ላይ አሻግራ አየችኝ። ዓይኖቿ ትልልቅ ናቸው። ጠጉሯ ላይ ያለው የጃስሚን አበባ ሳይቀር የተቆጣ መሰለኝ።

«ሰማህ?»

«ይቅርታ... ጆሮውን አልደፈንሽውም።»

«እሰይ። ስንት ሰኞ ጾሜ ጾሜ አንተ ጆሮ ውስጥ ፈሰሰልኝ።»

ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። «አምላክን ዕቃ መለመን ልክ አይመስለኝም» አልኳት። «ባለሱቅ አይደለም። ፍቅር ብቻ ይበቃዋል።»

«እናንተ ቤት ፍሪጅ አለ?»

«አለ።»

«ለዚህ ነዋ» ብላኝ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው መቅደሱ በር ላይ ካለው መደቧ አበባ እገዛ ጀመር፤ እግረ መንገዳችንንም እንከራከር ነበር።

«አባትሽ ጋ የምትሄጂው ለመጠየቅ ብቻ ቢሆን አይከፋውም?»

«ይከፋዋል። ምንም ባልጠይቀው ግን፣ ልጄ እንደ ባዳ ቆጠረችኝ ብሎ ይብስበታል። አንተ መምህር፣ ዛሬስ ስንት ጉንጉን?»

አላሸነፍኳትም። ወፍራሙን ጉንጉን ግን ለእኔ ደብቃ ታቆይልኝ ጀመር።

ልጆች አስጠንቼ ባጠራቀምኩት፣ ከአንድ ጥገና ቤት ቀይ ፍሪጅ ገዛሁ። ስሜን ሳልናገር በጋሪ ላክሁላት። ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ፣ ከሰዓት በኋላ ጋሪው ደጃችን መጥቶ ቆመ። ፍሪጇ አለች። ኔትራም ከኋላ አለች።

«ጌታ ላከልኝ ብዬ አልቅሼ ነበር» አለችኝ። «ለሰፈሩ ሁሉ ጣፋጭ አደልኩ። ከዚያ ባለጋሪው ያንተን ስም ነገረኝ።»

«ላስደስትሽ ብዬ እኮ...»

«የሰማኸኝ አንተ ነህ፤ እሱ አልሰማኝም ማለት ነው። ልመናዬን ነጥቀህ ምጽዋት አደረግህብኝ። ሁለተኛ ከእኔ አበባ እንዳትገዛ።»

ዘጠኝ ቀን አላናገረችኝም። በመጨረሻ አባቴን ጠየቅሁት።

«አፓ፣ እኔ ለራሴ ለምኜ አላውቅም። ዛሬ ብለምን ግብዝ አልሆንም?»

የመቅደሱን መብራት እየወለወለ ሳቀ። «ቪሬሽ፣ ለምን ለምነህ እንደማታውቅ ልንገርህ? በየጠዋቱ ስምህን ጠርቼ የምለምንልህ እኔ ስለሆንኩ ነው። ለትኩሳትህ፣ ለፈተናህ፣ ለምሳህ ሩዝ ሳይቀር። ተለምኖልህ ነው ያደግኸው።»

ፍቅር ብቻ ይበቃል ያልኩት ስህተት አልነበረም፤ ዛሬም አምንበታለሁ። ለእኔ ግን ቀላል የሆነልኝ ሌላ ሰው ሸክሙን ስለተሸከመልኝ ነው።

ሰኞ ወደ ናንዲ ጆሮ ተጠጋሁ። ከወዲያ በኩል ጃስሚን ሸተተኝ። የሰኞ ጉንጉኑን ልታጠልቅለት መጥታለች። ሌላኛውን ጆሮ ክፍት ተውኩት።

«ናንዲ፣ በሰው ልመና ስለሳቅሁ ይቅር በለኝ። ደግሞ... ኔትራን እፈልጋለሁ። ዕቃ አይደለችም። የምለምናት ግን ለራሴ ነው፤ አልዋሽህም።»

ከዚያ ድምጿ መጣ።

«ጆሮውን አልደፈንከውም።»

«አውቄ ነው።»

«እኔም ሳስበው ሰነበትኩ» አለች ቀስ ብላ። «ያን ቀን ናንዲ ያንተን ጆሮ ተውሶ ቢሆንስ?... ፍሪጇ የት ናት?»

«እኛ ቤት ቆማለች። አልሰካኋትም። ያንቺ ናት።»

«እንግዲያው ከሙሽራው ጋር ትምጣ። በእኛ አገር ጥሎሽ ሁልጊዜ ከሴቷ ቤት ነው የሚሄደው፤ ለአንድ ቀን ይገልበጥ።»

ይኸው ከተጋባን ሁለት ዓመት ሆነን። ፍሪጇ ውስጥ ከአበባዋ ጋር የሚያድረው እርጎአችን ጃስሚን ጃስሚን ይላል። ሰኞ ሰኞ አብረን ናንዲ ዘንድ እንሄዳለን። እሷ በአንዱ ጆሮው ታንሾካሹካለች፤ ሌላኛውን በሁለት እጄ ጥብቅ አድርጌ የምደፍነው እኔ ነኝ። ምን እንደምትለምን እስከ ዛሬ አላውቅም።